ኦቦ ሚልኬሳ ነፋስ የመዘኑ ዕለት

ጊንጪ ላይ ከአውቶቡስ ወርዶ «አባ መዳሊ የት ናቸው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሁለተኛ መጠየቅ አያስፈልገውም። መዳሊ በኦሮምኛ ሚዛን ነው፤ አባ መዳሊ ማለት እንግዲህ የሚዛኑ ባለቤት ማለት ነው። ሚልኬሳ የሚለውን ስማቸውን የሚያውቁት ቤተ ክርስቲያን፣ ቀበሌና ባለቤታቸው አዴ ወርቅቱ ናቸው። እኔም የማውቀው የልብስ ስፌት መኪናዬ ለሃያ ዓመት ያህል ከሚዛናቸው ፊት ለፊት ስለተቀመጠች ነው። ጎረቤት የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ሚዛኑ ጆንያ የሚጫንበት የብረት መድረክ አለው። ከመድረኩ ጎን በቆመው ምሰሶ ላይ ቁጥር የተቀረጸበት ዘንግ ተጋድሟል፤ በዘንጉ ላይ ደግሞ አንዲት የብረት ክብደት ወዲያና ወዲህ ትንሸራተታለች። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ኪሎው ታወቀ ማለት ነው። ገበሬው ስንዴውን ያመጣል፣ ነጋዴው ይገዛል፣ ኦቦ ሚልኬሳ ከማንም ሳይወግኑ መካከል ላይ ይቆማሉ። ከዚያም ቁጥሩን ጮክ ብለው ሦስት ጊዜ ይጠራሉ። ከአንደኛውና ከሁለተኛው ጥሪ በኋላ የተጠራጠረ ሰው «ይደገም» ማለት ይችላል። ሦስተኛው ከተጠራ ግን ክርክር የለም። አንድ ነጋዴ አልዋጥልህ ብሎት ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሄዶ ነበር፤ ፖሊሱ «ሦስቴ ተጠርቷል?» ብሎ ጠየቀው። «ተጠርቷል» ሲል «እንግዲያው እኔ ምን ላድርግልህ?» ብሎ መለሰው።

ኦቦ ሚልኬሳ ከሚዛኑ ይልቅ በራሳቸው ይተማመናሉ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያ ውስጥ ከትተው እህሉ ዝናብ መትቶት እንደሆነ ይናገራሉ። ገብስ ሲገለበጥ ድምፁን ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጣሉ። ሽምብራ ከሆነ በጥርሳቸው ይሰብሩታል፤ ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ከተለጠጠ እርጥብ ነው። ለዚህ ሥራ እስካሁን ሁለት ጥርስ ከፍለዋል።

ይህ አመል ከሥራ ሰዓት በኋላም አይለቃቸውም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ስብከቱ እንዴት ነበር ብዬ ስጠይቃቸው፣ ወደ ሰማይ ትንሽ አየት ያደርጉና «ዛሬስ ከሰባ ኪሎ አይዘልም» ይሉኛል። አዴ ወርቅቱም ባላቸው ወጡ ጨው አነሰው ሲሉ ስንት ግራም እንዳነሰ ጭምር እንደሚነግሯቸው አጫውተውኛል። የመጨረሻ ልጃቸው መቲ ስትወለድ ጤና ጣቢያው ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ብሎ መዘገባት። እሳቸው ሕፃኗን በሁለት መዳፋቸው ያዝ አድርገው «ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ናት» አሉ። ነርሷ ተቆጥታ ሚዛኑን ስታየው ለካ መርፌው ባዶውንም ከዜሮ አልፎ ቆሟል። ያን ወሬ ለከተማው የነዛችው ነርሷ ራሷ ናት፤ ኦቦ ሚልኬሳ ግን አልከለከሏትም።

ይህ የምተርከው ነገር የሆነው መቲ አራተኛ ክፍል በገባች ጊዜ፣ በ2011 ዓ.ም. ነው። ሦስቱ ወንድሞቿ አድገው ከቤት ወጥተዋል። እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀጥታ ወደ ሚዛኑ ትመጣለች፤ ከተመዘኑት ጆንያዎች አንዱ ላይ ትቀመጥና ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አባቷ ሦስተኛ ክፍልን ሳይጨርሱ ያቋረጡ ሰው ናቸው። ቢሆንም ደብተሯን ሳያዩ የዋሉበት ቀን አልነበረም። ፊደሉን ቀስ ብለው እየለቀሙ ያነባሉ፤ ሲጨርሱ «ጥሩ ነው» ይላሉ፤ ልጅቱም ከመምህሯ ምልክት ይልቅ ይህችን ቃል የምትጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

የዚያ ዓመት የሳይንስ መጽሐፍ ቁስ አካልን የሚያስተምር ምዕራፍ ነበረው። ቁስ አካል ማለት ቦታ የሚይዝና ክብደት ያለው ነገር ሁሉ ነው፤ ጠጣር አለ፣ ፈሳሽ አለ፣ ጋዝ አለ፤ በቀለሙ፣ በጠረኑ፣ በጥንካሬው ይለያል ይላል። ኦቦ ሚልኬሳ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ሕይወታቸውን ሙሉ የሠሩት ሥራ መጽሐፍ ላይ ወጥቶ አገኙት። ለልጃቸው አንድ ጣሳ ጤፍና አንድ ጣሳ ገለባ ሞልተው አሸከሟት፤ ቦታቸው እኩል ነው፣ ክብደታቸው ግን የት እና የት። በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ እየጠሩ «ይሄ እኮ የኔ ትምህርት ነው» ሲሉ አንድ ሳምንት ሞላ። እኔም ትንሽ ቀናሁ፤ ስለ ልብስ ስፌት የሚያወራ ምዕራፍ የለም።

ችግሩ የመጣው ከጋዝ ጋር ነው። የቤት ሥራው ክብደት ያላቸውን ነገሮች ዘርዝሩ ይላል። መቲ ድንጋይ ብላ ጻፈች፣ ውሃ ብላ ጻፈች፣ አየር ብላ ጻፈች። አባቷ እዚህ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሰርዢው አሏት። መጽሐፉ እንዲህ ይላል ብትላቸው፣ መጽሐፉን የጻፈው ሰው ሚዛን አጠገብ ቆሞ አያውቅም አሉ። ምክንያታቸውንም አስረዷት፤ አየር ቀኑን ሙሉ ባዶው ሚዛን ላይ ተቀምጦ ይውላል፣ ዘንጉ ግን ዜሮ ላይ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። ክብደት ቢኖረው ኖሮ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዴት ከሳቸው ተደብቆ ይኖራል?

በእውነቱ እኔም ይህን ሰምቼ ልክ ናቸው ብያለሁ። ኃጢአቴን ብቻቸውን አላሸክማቸውም።

መቲም ሰረዘች። በምትኩ አባቷ ያሏትን ቃል በቃል ጻፈች፦ «አየር ክብደት የለውም። ምስክር፦ ሚልኬሳ፣ የሚዛን ሰው።» ውል ሲጻፍ ምስክር መጥራት የለመደ ሰው፣ የሳይንስ የቤት ሥራም ያለ ምስክር እንዲሄድ አልፈቀደም።

መምህሯ ቲቸር ሰሎሜ የአምቦ ልጅ ናት፤ ከኮሌጅ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረገችበት፤ ከሥሩም «ምስክሩ ቀርበው ይመስክሩ» ብላ ጻፈችበት። ለመቀለድ ብላ ነው፤ ክፉ ልብ የላትም። ደብተሩ ሲመለስ ግን ጎኗ የተቀመጠው ልጅ አነበበው፤ በእረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ ያሉት ልጆች ሁሉ «ምስክር! ምስክር!» እያሉ መቲን ተከተሏት።

ከሰዓት ወደ ሚዛኑ መጣች፤ ጆንያው ላይ ግን አልተቀመጠችም። ደብተሩን መድረኩ ላይ አስቀመጠችና ቆማ አባቷን አየቻቸው፤ አባ ኮ፣ አባቴ፣ ነው የምትላቸው።

«አባ ኮ፣ የተሳሳተችው ቲቸር ናት ወይስ እርስዎ?»

«የኔ ሚዛን አይሳሳትም» አሉ።

«ሚዛኑ አየር መዝኖ ያውቃል?»

ኦቦ ሚልኬሳ ዞረው ባዶውን ዘንግ ያስተካክሉ ጀመር። መቲም ደብተሯን አንስታ ሄደች። ሩቅ አልሄደችም፤ ከሚዛኑ ሦስት በር አልፎ ኦሊቃ የሚባል ጎሚስታ የጭነት መኪና ጎማ ይጠግናል፤ እዚያ ከአሮጌ ጎማዎች አንዱ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን መሥራት ጀመረች። በማግስቱም እዚያው፣ በሦስተኛውም ቀን እዚያው።

ገበያው ወሬውን ሰምቶ መቀለዱ አልቀረም። ነጋዴዎቹ ባዶ ጆንያ አፉን አስረው ያመጡና «አባ መዳሊ፣ ይቺን ነፋስ መዝኑልን» ይሏቸዋል። ቀልዱን ቻሉት። ያልቻሉት ሌላውን ነው። አመሻሽ ላይ ወደኔ ተሻግረው መጡ፤ አይናቸው ወደ ጎሚስታው ነው።

«ይሄ ሁሉ ሕዝብ ቃሌን ቢያምነኝ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። «ልጄ ደብተሯን ደበቀችኝ።»

እጸልያለሁ አልኳቸው፤ ጸለይኩም። ግን መልሱ ከጎማ ውስጥ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

ኦሊቃ ሥራ እንደሚወድ ሰው ሳይሆን ወሬ እንደሚወድ ሰው የታወቀ ነው። ጎማ ሲያነሳ ማጉረምረም ልማዱ ነው። መቲ አጠገቡ እየተቀመጠች ስትሰማው፣ ነፋስ የተሞላው ጎማ ካልተሞላው ይልቅ ወገቤን ይቆርጠዋል እያለ ሲያማርር አገኘችው። ሌላ ሰው ስንፍናው ነው ብሎ ያልፈው ነበር። መቲ ግን ምን ያህል ይከብድሃል ብላ ጠየቀችው። እሱም አንቺ የሚዛን ሰው ልጅ ሆነሽ እኔን ትጠይቂኛለሽ? አላት። ልጅቱ እርሳሷን አስቀመጠች።

ቅዳሜ፣ ገበያው በሞላበት ሰዓት፣ ኦሊቃ ከነብረት ቸርኬው የተነፋ ትልቅ የጭነት መኪና ጎማ እያንከባለለ ወደ ሚዛኑ መጣ። መቲ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ሰው ዞር አለ። ቲቸር ሰሎሜም ወደ ቤተሰቦቿ ልትሄድ ቦርሳዋን አንግታ የአምቦ ሚኒባስ እየጠበቀች ነበርና ተጠግታ ቆመች።

«አባ መዳሊ፣ የሚመዘን እቃ አምጥቻለሁ» አለ ኦሊቃ። «መጀመሪያ ከነነፋሱ፣ ቀጥሎ ያለ ነፋሱ። ልዩነት ከሌለው ጎማዬን እስመዋለሁ።»

ሰው ሳቀ። ኦቦ ሚልኬሳ አልሳቁም። ጎማውን ሳይሆን ልጃቸውን ነበር የሚያዩት። መቲ እግሮቿን አጣምራ መሬት መሬት ታያለች። እምቢ ሊሉ ይችሉ ነበር፤ ሚዛኑ የእህል እንጂ የጎማ አይደለም ቢሉ ማንም አይወቅሳቸውም። እሳቸው ግን በጨርቅ መድረኩን ጠረጉ፣ ዘንጉን ዜሮ ላይ አቆሙ፣ «ጫን» አሉ።

ጎማው ተጫነ። በዘንጉ ላይ ያለችውን ክብደት አንሸራተቱ፤ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቆመ። መቶ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል። በኦሮምኛም በአማርኛም ሦስት ጊዜ ጠሩት፤ ይደገም ያለ የለም።

አሁን ኦሊቃ ነፋሱን የሚይዘውን ትንሽ ብረት ከጎማው አፍ መፍታት ጀመረ። ኦቦ ሚልኬሳ አስቆሙት። ብረቷ ስትወጣ ወደ ኪስህ እንዳትገባ፣ እዚያው ጎማው ላይ አስቀምጣት አሉት፤ ማንም ሰው መድረኩን እንዳይደገፍም ሕዝቡን አንድ እርምጃ መለሱት። በራሳቸው ላይ በሚፈርድ ሚዛን ላይ እንኳ ማጭበርበር አይፈቅዱም። ጎማው «ሽሽሽ» እያለ መተንፈስ ጀመረ። ብዙ ደቂቃ ወሰደ። ሰው ሁሉ ግብይቱን ትቶ ነፋስ ሲወጣ ያዳምጣል።

ዘንጉን ያየሁት እኔም ነኝ። ቀጥ ብሎ የነበረው ጫፉ ቀስ እያለ ወረደ፤ በመጨረሻ ሰው ለሰላምታ እንደሚያጎነብስ አጎነበሰ። ኦቦ ሚልኬሳ ክብደቷን ወደ ኋላ አንሸራተቱ፤ እንደገና አንሸራተቱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ዘንጉን በቅርብ የሚያየው እሳቸው ብቻ ናቸው። ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ ቁጥር አያነብም፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመት አምኗቸው ዘንጉን ማየት ትቷል። ጣታቸውን አንዲት ስንዴ ቅንጣት ያህል ቢያንሸራትቱና ዞር ብለው ያንኑ መቶ ዘጠኝ ተኩል ቢጠሩ፣ ኦሊቃ ጎማውን ስሞ ይሄድ ነበር።

«መቶ ስምንት» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «መቶ ስምንት» አሉ ደግመው።

ሦስተኛው ቀረ። ሰው ጠበቀ። ኦቦ ሚልኬሳ ዘንጉን አዩ፣ ጎማውን አዩ፣ ከዚያ ገበያው ከአፋቸው ሰምቶት የማያውቀውን ቃል ተናገሩ።

«ይደገም።»

ሳቁ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ። ኦሊቃ ጎማውን ወደ ቤቱ እያንከባለለ፣ እያጉረመረመ ሄደ፤ በኮምፕሬሰር መልሶ ነፋው፤ እያላበው አመጣው። ተጫነ። መቶ ዘጠኝ ተኩል። ነፋሱ እንደገና ተለቀቀ፤ ዘንጉ እንደገና አጎነበሰ። የአምቦው ሚኒባስ በዚህ መሀል ጡሩምባውን ነፍቶ ሄደ፤ ቲቸር ሰሎሜ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

ኦቦ ሚልኬሳ ኮፍያቸውን አወለቁ። «መቶ ስምንት» ብለው ሦስተኛውን ጠሩ፤ ይህን ጊዜ ድምፃቸው እንደ ዱሮው ነው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«መቲ ኮ፣ አየሩ አንድ ኪሎ ተኩል ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

መቲ ከመሬት ቀና አለች።

እኔ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። ኦቦ ሚልኬሳ ግን መሸነፋቸውን ከተቀበሉ በኋላ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ቲቸር ሰሎሜን እጅ ነሥተው፣ ምስክሩ ቀርቧል፣ ጥያቄ ግን አለው አሏት። በጎማው ውስጥ ያለው አየር ከከበደ፣ በባዶው ሚዛን ላይ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠው አየር ስለምን አይመዝንም?

ቲቸር ሰሎሜ ይህን ጥያቄ ከተማሪ ሰምቼው አላውቅም አለች። ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ጥቂት አሰበች፤ ለማወቅ የሚያስብ ሰው ፊት ደስ ይላል። ከዚያ ወንዝ ወርደው ጀሪካን ሞልተው እንደሚያውቁ ጠየቀቻቸው።

«ሳላውቅ!» አሉ።

«ጀሪካኑ ሞልቶ ገና ውሃው ውስጥ እያለ ይከብዳል?»

«አይከብድም። በአንድ ጣት ይያዛል።»

«ከውሃው ሲወጣስ?»

«ክንድ ይገነጥላል።»

«እኛም ሚዛኑም አየር ውስጥ የገባን ነን፣ ኦቦ ሚልኬሳ። አየር አየር ውስጥ ሲሆን ልክ እንደዚያ ውሃ ነው፤ በዙሪያው ያለው ይሸከመዋል። ጎማው ውስጥ ያለው ግን ተጠቅጥቆ የገባ ትርፍ አየር ነው። እሱን ማን ይሸከምልዎት?»

አባ መዳሊ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነፋስን መዝኖ ያበጀ ጌታ፣ እኛ ሳንደቅ እንድንመላለስበት እንዲህ አቅልሎ ማስቀመጡ እኔንም ገረመኝ፤ ያን ቀን ጨርቅ አጣምሜ ሰፋሁ።

ሰኞ ከሰዓት መቲ በኦሊቃ በር አለፈች። እሱ «ዛሬስ አትቀመጪም?» ሲላት ሰማሁ፤ ጎማህ ሱሪዬን ያጠቁረዋል አለችው። ሚዛኑ ጋ ስትደርስ አባቷ ሥራ የበዛባቸው መስለው ጀርባቸውን ሰጧት፤ የሚመዘን ግን አንድም ጆንያ አልነበረም። ልጅቱ ቀድሞ በተመዘነ የስንዴ ጆንያ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ ደብተሯን ዘረጋች። ጥቂት ቆይታ «አባ ኮ፣ እዩልኝ» አለች። እሳቸውም መጥተው ፊደሉን እየለቀሙ፣ ከወትሮው በበለጠ ቀስ ብለው አነበቡ።

በቀጣዩ ገበያ ከጎጆ ከተማ ገብስ የጫነ ገበሬ መጣ። ገዢው ነጋዴ ነገር መፈለግ ይወዳልና፣ በገብሱ ቅንጣቶች መካከል ያለው አየር ከኪሎው ይቀነስልኝ አለ። ገበሬው ተናደደ። ኦቦ ሚልኬሳ እጃቸውን አንስተው ሁለቱንም ዝም አሰኙ፤ ስለ ወንዙ፣ ስለ ጀሪካኑ፣ አየር አየርን ስለ መሸከሙ፣ ከእናታቸው ወተት ጋር የጠቡት ትምህርት ይመስል በዝርዝር አስረዷቸው። አፉ ክፍት በሆነ ጆንያ ውስጥ ያለ አየር አይመዝንም፤ የሚመዝነው ጎማ ውስጥ ያለው ነው፣ ምክንያቱም እሱ... እሱ...

ቃሉ ጠፋባቸው። ነጋዴው ፈገግ ማለት ጀመረ።

«ትርፍ አየር» አለች መቲ ከደብተሯ ቀና ሳትል፣ ለእሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«ትርፍ አየር ስለሆነ!» አሉ ኦቦ ሚልኬሳ፣ ዘንጉንም አስተካክለው የገብሱን ኪሎ መጥራት ጀመሩ።